የሚስተር ሆጅ «አፍሬድ»

ትሕትና የሰው ልጅ ጌጥ እንደሆነች አባቶቻችን ተናግረዋል፤ ወረታ ደግሞ ጌጧን አብዝታ የምታደርግ ከተማ ናት። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች በር ላይ ከተገናኙ «እርስዎ ይግቡ»፣ «ኧረ በሥላሴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ዝናሙ ሁለቱንም ያበሰብሳቸዋል እንጂ አንዱ ቀድሞ አይገባም። ይህ የታወቀና የተመሰገነ ምግባራችን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከውም ይኸው ምግባራችን በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት አንድ ሙሉ መንደር ከነከብቱ ሊያሰጥም ምን ያህል እንደተቃረበ ነው። ሳያሰጥም የቀረው በአንድ ሰው ብልግና ምክንያት መሆኑን ስንገልጽ ከፍ ያለ ኀዘን ይሰማናል።

የትሕትናችን ሊቀመንበር በከተማው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው አያልነህ ነው። አያልነህ አንድ ዓመት ጎንደር ከርሞ እንግሊዝኛ ቀምሷል። የቀረውን የተማረው ከአንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የፈረንጅን የአነጋገር ሥርዓት የሚያስተምር ሲሆን፣ አያልነህ ከይፋግ ገበያ ከአንድ ቅመም ሻጭ እጅ ሲገዛው ግማሹ ኮረሪማ እየተጠቀለለበት አልቆ ነበር። የተረፈው ሰላምታ፣ ምስጋናና የእራት ግብዣ ያለበት ክፍል ነው። እምቢታው፣ ማስጠንቀቂያውና መርዶው ከኮረሪማው ጋር በየጓዳው ገብቶ ቀርቷል። ስለዚህ አያልነህ በእንግሊዝኛ አሥራ ሰባት ዓይነት ምስጋና ያውቃል፤ «እሳት ተነሣ» ማለት ግን አይችልም።

ይህ ጉድለት ማንንም አላሳሰበም። እንዲያውም የበሬ ስርቆት ለመክሰስ ማመልከቻ የሚያጽፍ ገበሬ ሳይቀር ከግርጌው «ዩር ኦቢዲየንት ሰርቫንት» ካልተጨመረበት ማመልከቻው የተሟላ አይመስለውም ነበር። ትርጉሙ «ታዛዥ አገልጋይዎ» ነው። አንዳንዱ ማመልከቻ ለሌባውም ግልባጭ ይደረግ ስለነበር፣ ሌባው ባለበሬው ታዛዥ አገልጋዩ መሆኑን አንብቦ ይደሰታል።

አያልነህ ቁሐር ሚካኤል የምትኖረውን እናቱን ወይዘሮ ገላነሽን ሊጠይቅ ሲሄድም ከደጅ ቆሞ «ሜይ አይ ካም ኢን?» ይላል።

«ምን አልህ?»

«ልግባ ወይ ማለት ነው፣ እማዬ።»

«ኸማህፀኔ ስትወጣ አላስፈቀድኸኝ፤ ኸቤቴ ለመግባት ነው? ግባና ጥጃውን ያዝልኝ!»

በዚያ ክረምት የርብን ወንዝ የሚለካ ሚስተር ሆጅ የሚባል እንግሊዛዊ መጣ። ረጅም፣ ቀይ፣ ሰው ባየ ቁጥር ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ነበር። ወረታ ስሙን ስታላምጠው ቆይታ «ሆዴ» አለችው፤ ሴቶቹ «ሆዴ ደኅና አደርህ?» ሲሉት ባሎቻቸው ለጥቂት ሳምንታት ተቸግረው ነበር። ሚስተር ሆጅ አማርኛ ለመማር ጓጉቷል። ያስተማረው የጭነት በቅሎውን የሚነዳለት ጎበዜ ነው። ጎበዜ ዝምተኛ ሰው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ የሚያነጋግረው በቅሎውን ብቻ ነው፤ ሚስተር ሆጅም በትጋት እየሰማ የቀሰመው ይህንኑ አማርኛ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አማርኛ ሰው ማናገር ነውር ሳይሆን እንደማይቀር ስለጠረጠረ፣ ለሰው ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ይናገር ነበር።

ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ሚስተር ሆጅ ከላይ ከወንዙ ልኬቱን ይዞ እየተጣደፈ መጣ። ሒሳቡን ሠርቶት ነበር። ጉና ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናም በዚሁ ከቀጠለ ሐሙስ ዕለት ርብ ዳሩን ጥሶ ይወጣል፤ ቁሐር ሚካኤልንም ውኃው ዓመት ዓመት ከሚደርስበት አልፎ እስከ ሰው ደረት ያጥለቀልቃል። የሚያመልጠው ከሜዳው ከፍ ብሎ የተሠራው የመኪና መንገድ ብቻ ነው። የከተማው ሹም ቀኛዝማች በላቸው ይህን ሁሉ አልሰሙም፤ «እንግዳው ለሕዝብ ንግግር ማድረግ ይሻሉ» ተብሎ ቢነገራቸው፣ «አያልነህ ያስተርጉም» ብለው በቀይ ቀለም ፈረሙ።

የቁሐር ወንዶች ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ከኋላ ቆሙ። ሌላ ሰው ቢሆን «ሐሙስ ውኃ ይመጣል፤ ከብታችሁን መንገዱ ላይ አውጡ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው ነበር። ሚስተር ሆጅ ግን የጨዋ ልጅ ነው። በአገሩ ክፉ ወሬ የሚያወራ ጨዋ ሰው አስቀድሞ «እፈራለሁ» ይላል፤ ፈርቶ አይደለም፣ ወሬውን ለማለስለስ ነው። ስለዚህ ባርኔጣውን አወለቀና ጀመረ።

«አይ አም አፍሬድ…»

«አፍሬ አለ!» አሉ ጭቃ ሹሙ ግራዝማች አድማሴ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። «በጆሮዬ ሰማሁት! አፍሬ አለ! አማርኛ ያውቃል እንዴ?»

አያልነህ ጭንቅ ያዘው። ቃሉን ያውቀዋል፤ ጎንደር ሳለ መምህሩ «መፍራት» ብለው አስጽፈውታል። ግን አርባ ወንድ በተቀመጠበት፣ ያውም በፎገራ፣ አንድ እንግዳ ሱሪ ታጥቆ ቆሞ «ፈራሁ» አለ ብሎ እንዴት ይተርጉም? የሰውዬውን ክብር ማን ይመልሰዋል? ግራዝማች የሰሙት ከመምህሩ ትርጉም ይልቅ ለጆሮ ያማረ ሆኖ አገኘው።

«አዎን» አለ አያልነህ። «በእናንተ ፊት ለመናገር አፍሬያለሁ ነው የሚሉት።»

«ጨዋ!» አለ ጉባኤው። «የጨዋ ልጅ እኮ ያፍራል!»

ሚስተር ሆጅ መልእክቱ ልብ መንካቱን አይቶ ተበረታታ። ቀጠለና ውኃው ዘንድሮ «በመጠኑ» ከፍ የሚል ይመስለኛል አለ። እንግሊዝ ቤቱ ሲቃጠል «በመጠኑ ሞቀ» የሚል ሕዝብ መሆኑን አያልነህ በምን ይወቀው? ቃል በቃል ተረጎመው።

«በመጠኑማ መቼ ቀርቶ ያውቃል!» አሉ ግራዝማች። «ለጓያው ደግ ነው። ይመስገነው በላቸው።»

አያልነህ ምስጋናውን በሦስት ዓይነት አቀረበ። ሚስተር ሆጅ ግራ ቢገባውም ጎንበስ አለ። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባ። «ከብቶቻችሁን ወደ መንገዱ ብትወስዱ ቅር ይላችኋል?» ለማለት «ዉድ ዩ ማይንድ» ብሎ ጀመረ። «ማይንድ» በአያልነህ መጽሐፍ «ሐሳብ» ነው።

«ከብቶቻችሁ ወደ መኪናው መንገድ ቢሄዱ ሐሳብ ይገባችኋል ወይ ይላሉ።»

«ኧረ የምን ሐሳብ!» አሉ ግራዝማች እየሳቁ። «ከብት እንደሁ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ምንም አናስብ በላቸው።»

«ኖ ሰር፣ ኖት አት ኦል» አለ አያልነህ፤ ይህቺ በመጽሐፉ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ያለች፣ በእጅጉ የሚወዳት መልስ ናት። በእንግሊዞቹ ዘንድ እንዲህ ያለ መልስ «ደስ እያለን እናደርገዋለን» ማለት ነው። የሚስተር ሆጅ ፊት በራ። ነገውኑ እንዲሆንለት ለመነ።

«እሺ» አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ።

እሺ ይበልጣል ከሺህ። በእኛ አገር «እሺ» ማለት «ሰምተናል፤ አሁን በሰላም ሂድልን» ማለት መሆኑን ለእንግዳ መግለጽ ደግሞ ነውር ነው። ሚስተር ሆጅ «እሺ»ን ያውቃታል፤ በቅሎው እሺ ሲል ይሄዳል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ውኃው የሚደርስበትን አሳየ፣ ሁሉንም እየዞረ ጨበጠና ሄደ።

ከኋላ ወይዘሮ ገላነሽ ልጇን በእጅጌው ሳበችው።

«አንተ፣ ሰውዬው ደረቱን ምን ሆኖ ነው የሚያሳየን? ፊቱም አላማረኝ። ውኃውን ነው እንዴ?»

«እማዬ፣ አታዋርጂኝ። ትሕትና ነው። እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ማመስገኑ ነው።»

«ልብማ በግራ አይደል? እሱ እኮ መሐል ለመሐል ነው ያሳየው።»

«የእንግሊዝ ነው» አለ አያልነህ።

እንዲህ ያለ ጨዋ ንግግር መልስ ሳያገኝ ቢቀር ለቁሐር ውርደት ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መልሱ በጽሑፍ እንዲሆን ወሰኑ። ረቡዕ ደብዳቤው «ለክቡር» ይባል ወይስ «ለተከበሩ» በሚለው ላይ ሲመክሩ መሸ። ከብቶቹ በሜዳው ላይ እንደ ልማዳቸው ይግጡ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ቁሐር ላይ አንዲት ጠብታ ስላልነበረ፣ ሁሉም በደስታ ከሾላው ሥር ተሰብስቦ አያልነህ ያረቀቀውን ማዳመጥ ጀመረ። ዝናሙ ጉና ላይ ነበር፤ ጉና ደግሞ ከሾላው ሥር አይታይም።

ሁለት ቀን ከላይ ከወንዙ ሲለካ የቆየው ሚስተር ሆጅ ላንድሮቨሩን መንገዱ ላይ ጥሎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሜዳውን አየ። ከብቱን አየ። አፉን ሲከፍት አያልነህ እጁን አነሣና ደብዳቤው ለእሱ ክብር እየተነበበ መሆኑን በእንግሊዝኛ አስረዳው። ሚስተር ሆጅ የጨዋ ልጅ በመሆኑ ባርኔጣውን አወለቀና ቆመ። ደብዳቤው ገና ከሰላምታው አልወጣም ነበር። የመሬት፣ የሰማይ፣ የዝናሙና የእህሉ ሰላምታ ከቀረበ በኋላ የቤተ ሰብ ሰላምታ ጀመረ። እንግሊዛዊው ሰዓቱን አየ፤ ወደ ወንዙ ዞረ፤ መልሶ ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና፣ ስለማቋረጡ ይቅርታ ለመጠየቅ፣ «አይ አም ቬሪ ሶሪ» አለ።

«ምን አሉ?» አሉ ግራዝማች።

«በጣም አዝኛለሁ ይላሉ።»

ግራዝማች ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ማን ሞተባቸው?»

«አልነገሩኝም።»

«ፊታቸውን አታዩትም? እናታቸው ናቸው!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፤ ደረቷንም መታች።

ወንዶቹ ተነሥተው ጋቢያቸውን አዘቀዘቁ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ «እግዜር ያጽናዎ»፣ «ነፍስ ይማር» ይሉት ጀመር። ሚስተር ሆጅ «ኖ! ኖ!» ሲል፣ «አይ፣ አይካዱት፣ ማልቀስ ይሻላል» አሉ ግራዝማች አድማሴ፤ ጨብጠው ይዘውት የራሳቸው እንባ እየወረደ። ከወንዙ በኩል እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ይመጣ ጀመረ። ለቅሶው አሸነፈው እንጂ ይሰማ ነበር።

ያን ጊዜ የሚስተር ሆጅ አስተዳደግ አለቀ። ከእንግሊዝኛው የሚጠቅመው አንድም ቃል እንደሌለ ታየው። እጁን ከግራዝማች አድማሴ እጅ መንጭቆ፣ ከጎበዜ የተማረውን አማርኛ ከነድምፁ ለቀቀው።

«ተነሥ! ሂድ! ምን ይገትርሃል! ጅብ ይብላህ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የእነዚያን ሽማግሌዎች ፊት ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። የሰባ ዓመት ሰው፣ ባለማዕረግ፣ የአምስት ልጆች የክርስትና አባት፣ በሕዝብ ፊት «አንተ» ተባሉ። በዚህም ሳያበቃ ሚስተር ሆጅ የግራዝማችን ከዘራ ከእጃቸው ነጠቀና ወደ ሜዳው ሮጦ፣ መንጋውን የሚመራውን የግራዝማችን ኮርማ በቂጡ ላይ አሳረፈበት። «ሂድ! ሂድ! የት አባህ!» ኮርማው እንዲህ ያለ ጥሩ አማርኛ ከፈረንጅ ሰምቶ ስለማያውቅ ሽቅብ ወደ መንገዱ በረረ፤ መንጋው ተከተለው።

«ከብት ነጂ ነው! ያዘው! ሲሰድበን የነበረው ለካ ሊዘርፈን ነው!»

አርባ ወንድ ዱላውን እያነሣ ተከተለ። ልጆቹ አባቶቻቸውን ተከተሉ። ሴቶቹ ጠቡ እንዳያመልጣቸው ልጅ እያዘሉ ተከተሉ። ሮጠው የማያውቁ አሮጊቶች ሮጡ፤ አልጋ ላይ የከረመ አንድ በሽተኛ ሳይቀር ሁለት ሰው ደግፎት ሊረግም ወጣ። ትሕትና በሦስት ቀን ያላንቀሳቀሰችውን መንደር ብልግና በግማሽ ሰዓት ከመኪናው መንገድ አደረሰችው።

ሚስተር ሆጅን መንገዱ ላይ ደርሰውበት ኮሌታውን እንደያዙት አንድ ሰው ወደ ኋላ ዞረ። ከዚያ ሁሉም ዞረ። ሜዳው አልነበረም። ሾላው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሟል። የሣር ክምር ከነቁመቱ እየዞረ ይሄዳል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

አያልነህ እናቱን ፈለገ። ከሴቶቹ መሐል የለችም። ከከብቱም መሐል የለችም። «እማዬ!» ብሎ ጮኸ፤ አሥራ ሰባቱም ምስጋናዎች ከአእምሮው ጠፍተው ይቺ አንዲት ቃል ቀረችው። ወይዘሮ ገላነሽ የታሰረ ጥጃ ትዝ ብሏት ተመልሳ ነበር። ከታች፣ ውኃው ደረቷ ላይ ደርሶ፣ ጥጃውን በአንገቱ አቅፋ ስትንገዳገድ ታየች። አያልነህ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። ሚስተር ሆጅ ከጎኑ ገባ። በዚያች ሰዓት «እርስዎ ይቅደሙ» የተባባለ አልነበረም። አንዱ ክንዷን፣ አንዱ ጥጃውን ይዞ እየወደቀ እየተነሣ ከመንገዱ ዳር አወጣት።

ውኃውን ከአፏ ተፋች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ልጇን ትክ ብላ አየችው።

«ሰውዬው ሰኞ ለት ደረቱን ያሳየን ይኼንን ነበር?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ትሕትና ነው አላልኸኝም?»

የአያልነህ የጎንደር መምህር «መፍራት» ያሉት ቃልና ግራዝማች «አፍሬ» ብለው የሰሙት ቃል ያን ጊዜ ሁለቱም ባንድነት ትክክል ሆኑበት፤ ፈራም፣ አፈረም። እናቱን ሊገድላት ነበር፤ የገደላትም በመልካም አነጋገር ይሆን ነበር። ከጭቃው ላይ ተቀመጠ።

በሳምንቱ ሰኞ በቀኛዝማች በላቸው ፊት ችሎት ተሰየመ። ከሳሽ ግራዝማች አድማሴ፣ ተከሳሽ ሚስተር ሆጅ። የክሱ ዝርዝር በጸሐፊው እጅ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ ተከሳሹ ዕድሜና ማዕረግ ያለውን ሰው «አንተ» ስለማለቱ፣ ለጅብ ስለመስጠቱ፣ እንዲሁም የሌላ ሰው ከብቶችን ያለባለቤቱ ፈቃድ ከሞት ስለማዳኑ ይላል። ሰው አልሞተም፤ ከብትም አልጠፋም። ለዚህ ለፈጣሪ ምስጋና ቀረበ። ክሱ ግን የክብር ስለሆነ ቀጠለ።

አያልነህ አራት ሌሊት አልተኛም ነበር። ሊያስተረጉም ሲጠራ፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ገባና ከችሎቱ ፊት ተንበረከከ።

«ጌታዬ ቀኛዝማች፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። እኚህ ሰው ሰኞ ለት ውኃ ይመጣል፣ ከብታችሁን አውጡ ብለው በግልጽ ተናግረዋል። አበላሽቼ የተረጎምሁ እኔ ነኝ። እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም።»

ቀኛዝማች በላቸው መሐረባቸውን አወጡና ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አያችሁ?» አሉ። «የእንግዳውን ጥፋት በገዛ ጫንቃው ሲሸከም አያችሁ? ድንጋዩን አውርዱለት!»

«ጌታዬ፣ እንዲህ ማለቴ አይደለም። የእውነት አላውቅም።»

«ስሙት! ይደግመዋል! ባዶ ማድጋ ነው የሚጮኸው፤ እውነተኛ ሊቅ ምንጊዜም አላውቅም ነው የሚል።»

«ግማሽ መጽሐፍ ነው ያነበብሁ!»

«እኛ ግማሹንም አላነበብንም» አሉ ግራዝማች አድማሴ፤ ቁጣቸው ቀልጦ። «ልጄ፣ ይቺን የመሰለች ትሕትና በዘመኔ አላየሁም።»

አያልነህ ተስፋ ቆርጦ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ አንቺ መስክሪ! በእግዜር!»

ወይዘሮ ገላነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «ልጄ እውነቱን ነው፣ ጌታዬ። ምንም አያውቅም።»

ሕዝቡ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። የታወቀ ነው፤ ልጇን በሰው ፊት የምታሞግስ እናት ቡዳ ታስበላዋለች። አስተዋይ እናት ታጣጥላለች። የወይዘሮ ገላነሽ ምስክርነት በዚሁ ትርጉም ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ።

ውሳኔው አልዘገየም። ሚስተር ሆጅ እንግዳ ስለሆነ፣ ያንኑ ድንጋይ ለጥቂት ደቂቃ ተሸክሞ ግራዝማችን ይቅርታ እንዲጠይቅ ሆነ፤ እሱም በደስታ ተሸከመና ግራዝማች አንሥተው ሳሙት። አያልነህ በበኩሉ «በሁለት ቋንቋ ያልተነካ ትሕትና» በማሳየቱ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለወንዙ ዳር መንደሮች ሁሉ የውኃ ነገር ሲነሣ ብቸኛ አስተርጓሚ እንዲሆን ተሾመ። ማንም ፈረንጅ በሌላ ሰው አፍ፣ በተለይም በራሱ አፍ፣ ስለ ውኃ እንዳይናገር ተከለከለ።

አያልነህ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ሹሙ ቆመው እየጠበቁት ነው። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እምቢ ማለት እንዴት ያለ ብልግና ነው! እጅ ነሥቶ ተቀበለ።

ወይዘሮ ገላነሽ ለሹመቱ እልል ብላ ከሁሉ ቀድማ ደስታዋን ገለጠች። በማግስቱ ከውኃው የተረፈላትን የጎጆዋን እንጨት አንድ በአንድ እየነቀለች ታስጭን ጀመር፤ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ከፍ ካለው ቦታ ልትተክለው።

«ምነው እመት ገላነሽ?» አሏት ጎረቤቶቿ። «ውኃው እኮ ሄደ።»

«ልጄ ተሾመ፤ አልሰማችሁም?» አለችና ቋሚውን ተሸክማ ሽቅብ ሄደች።